በማዕረግ የወጣውን ማን ይመራዋል? ከጎንደር እስከ መተማ ቆላ

ዩኒቨርሲቲዎቻችን በምረቃ ቀን ሦስት ዓይነት ክብር ያድላሉ፤ ማዕረግ፣ ከፍተኛ ማዕረግ፣ እጅግ ከፍተኛ ማዕረግ። በብዙዎቹ መነሻው 3.25 ነጥብ ነው፤ 3.75 እና ከዚያ በላይ ያመጣ የመጨረሻውን ያገኛል። ሜዳሊያው ይጠለቅለታል፣ ዋንጫው ይሰጠዋል፣ ወላጅም እልልታውን ያቀልጠዋል። ተማሪው ለዚህ እስኪበቃ ባሉት ዓመታት ግን «ይህን ልጅ የምከታተለው እኔ ነኝ» የሚል ሹም በዩኒቨርሲቲው መዋቅር ውስጥ የለም። ነጥቡን ሬጅስትራር ይደምራል፣ ዝርዝሩን ሴኔት ያጸድቃል፣ ስሙን ዲኑ ይጠራል።

በሌላው ዓለም ለዚህ ሥራ ቢሮ ተከፍቶለታል። በአሜሪካ የስዋርዝሞር ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበረው ፍራንክ አይደሎት እ.ኤ.አ. በ1922 «ኦነርስ» የሚባለውን ሥርዓት ጀመረ። የተመረጡ ተማሪዎች በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከተራው ክፍል ወጥተው ጥቂት ሆነው ከመምህር ጋር ይወያያሉ፤ ሲጨርሱም የሚፈትኗቸው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ምሁራን ናቸው። አይደሎት ሐሳቡን ያመጣው ከተማረበት ከኦክስፎርድ ነበር። ዛሬ በዚያ አገር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ጉዳይ የተመደበ ዳይሬክተር፣ አማካሪና ጸሐፊ አላቸው።

እኛ ጋ ቢሮው ባይከፈትም ሥራው በሌላ ስም ሲሠራ ኖሯል። ጎንደርንና ከእርሷ ቁልቁል እስከ ሱዳን ድንበር የተዘረጋውን የመተማ ቆላ ይዞ ታሪኩን የተከተለ ሰው፣ ጎበዙን ተማሪ የመምራት ሥራ የተሰጠው ሁልጊዜም ለትናንቱ ጎበዝ ተማሪ እንደነበር ያያል። የጎበዝነት ሽልማቱም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሸክም ነበር።

የኔታና አስነጋሪው

ጎንደር ከዩኒቨርሲቲ በፊት የጉባኤ ቤት ከተማ ናት። የቅኔ ተማሪ ቁራሹን ለምኖ፣ ጎጆውን ቀልሶ፣ ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። በቅኔ ቤት አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ስላለባቸው ሁሉንም በየቀኑ ማዳረስ አይችሉም። ስለዚህ ከተማሪው መሀል የበሰለው ይመረጣል። አስነጋሪው የጀማሪውን ቅኔ ሰምቶ ያርማል፤ ዘራፊው ደግሞ በጉባኤ ፊት ቅኔውን ያወርዳል። ጀማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ከየኔታ ፊት ከመቅረቡ በፊት ስሕተቱ በአስነጋሪው ዘንድ ይለቀማል፤ ቤት የመታውና ያልመታው፣ ምሥጢሩ የጸናውና የላላው እዚያው ይለያል።

አስነጋሪ ደመወዝ የለውም፤ ራሱም ገና ተማሪ ነው። ያለው ነገር የየኔታ አመኔታ ነው። በዚህ ሥርዓት ጎበዙን ከሌላው ለይቶ ለብቻው ማስተማር አልተለመደም፤ ይልቅ ጎበዙ የሌላውን ትምህርት እንዲሸከም ይደረጋል። ሲያስተምር የራሱ ዕውቀት ይጠራል፣ ጀማሪውም ሳይፈራ የሚጠይቀው ታላቅ ወንድም ያገኛል። ጉዳቱም ግልጽ ነው፤ አስነጋሪው የሳተውን ጀማሪውም ይዞት ይሄዳል።

ረዳት ምሩቅ

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀመር መሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበሩ። መምህራኑ በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ስለነበሩ ኮሌጁ ከጅምሩ የሚተካቸውን ኢትዮጵያዊ ማፍራት ነበረበት። መንገዱ የታወቀ ነው። ከክፍሉ ቀዳሚ የሆነው ይመረጣል፣ ወደ ውጭ ይላካል፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ሲመለስ መምህሩን ይተካል። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋምም ይኸው ልማድ ቀጠለ።

ከዚህ ልማድ የተወለደውና ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የሚገኘው ማዕረግ «ረዳት ምሩቅ» ይባላል። የመምህርነት መሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ነው፤ ከእርሱ በላይ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር ይከተላሉ። ትምህርት ክፍሉ ከፍተኛ ነጥብ ካላቸው ተመራቂዎች መሀል አወዳድሮ ያስቀራል። የቀረው ልጅ በሰኔ ዋንጫ ተሸልሞ በመስከረም ላቦራቶሪ ያሠራል፣ ፈተና ያርማል፣ መልመጃ ያስረዳል። አምና በአንድ ካፌ የተሰለፉ ልጆች ዘንድሮ «መምህር» ይሉታል።

ከቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ጋር መመሳሰሉ አያስገርምም። ልዩነቱ የኔታ አስነጋሪውን የሚያውቁት በየቀኑ እየሰሙት መሆኑ ነው። ረዳት ምሩቁን ግን ኮሚቴ በነጥብ መርጦት ቢሮ ካሳየው በኋላ እንዴት እንደሚያስተምር የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

የደምቢያ ወባ የወለደው ኮሌጅ

ጎንደር የራሷን ከፍተኛ ትምህርት ያገኘችው በአደጋ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ ወባ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በአገሪቱ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሐኪም እስኪደርስ መጠበቅ ስለማይቻል የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋመ። መነሻውም በጣሊያን ጊዜ የተሠራው ሆስፒታል ነበር።

ኮሌጁ በዋናነት የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ያሠለጥን ነበር። የአካባቢ ጤና ባለሙያው በዘመኑ አጠራር ሳኒታሪያን ነው። እነዚህ ሰዎች በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው ተቀምጠው ወደ 50,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ ነበር የታሰቡት። መኮንኑ ያክማል፣ ቡድኑንም ይመራል፤ ነርሷ እናትና ሕፃን ታያለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል።

ሦስቱ አብረው ሊሠሩ ከሆነ አብረው መሠልጠን ነበረባቸው። የኮሌጁ ትልቁ ፈጠራ እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከየሙያው ተውጣጥተው በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። በደምቢያ የምትገኘው ቆላ ድባ ለዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣ ጣቢያዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኮሌጁን በዲንነት የመሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዴኒስ ካርልሰን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ከኢትዮጵያ የጤና ትምህርት አልተለዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የካርተር ማዕከል የኢትዮጵያን የሕዝብ ጤና ሥልጠና ኢኒሺየቲቭ ሲጀምር ከአማካሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ኮሌጁም እ.ኤ.አ. በ1961 ከአዲሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ።

አስተባባሪው ሲሠራ

ይህ የመስክ ቆይታ ዛሬ «የቡድን ሥልጠና» ይባላል፤ ተማሪው ግን «ቲ ቲ ፒ» ብሎ ነው የሚጠራው። ቡድኑን የሚመራው መምህር ሱፐርቫይዘር ወይም አስተባባሪ ነው። የኦነርስ ዳይሬክተር ሥራ በእኛ አገር የት እንዳለ ለሚጠይቅ ሰው ይህን መምህር ማሳየት ይቻላል።

ሥራው ተማሪው ከመውጣቱ በፊት ይጀምራል። አስተባባሪው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ ደብዳቤ ያስገባል፣ ለሴትና ለወንድ ተማሪዎች ማደሪያ ቤት ይፈልጋል፣ ውኃና መብራት መኖሩን ያጣራል። ቡድኑ ሲደርስ የመጀመሪያው ተግባር ቤት ለቤት መጠየቅ ነው። ቤተሰቡ ስንት ነው? ውኃ ከየት ይቀዳል? መጸዳጃ አለ? ሕፃኑ ተከትቧል? ባለፈው ዓመት ማን ሞተ? መልሱ ተደምሮ በሠንጠረዥ ይቀመጥና ችግሮቹ በብዛታቸው፣ በክብደታቸውና በተማሪ አቅም ሊፈቱ በመቻላቸው ነጥብ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ዕቅድ ይወጣል፣ ከቀበሌው ሰው ጋር ስብሰባ ይደረጋል፣ ሥራ ይጀመራል፤ በመጨረሻም ውጤቱ ለወረዳውና ለኮሌጁ ይቀርባል።

የአስተባባሪው ችሎታ የሚለየው በስብሰባው ቀን ነው። ክፍል ውስጥ አንደኛ የሆነው ልጅ ሠንጠረዡን አንጠልጥሎ ሕዝብ ፊት ይቆማል። «በዚህ ቀበሌ የመጸዳጃ ሽፋን ዝቅተኛ ነው» ይላል። አንድ አባት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ መሬቱ በክረምት ይደረመሳል፤ ሦስቴ ቆፍሬ ሦስቴ ተናደብኝ፤ እንዴት እንደማደርገው ንገረኝ» ቢሉት ነጥቡ አያድነውም። ጥሩ አስተባባሪ በዚህ ሰዓት ጣልቃ አይገባም። የአካባቢ ጤና የምትማረዋ ልጅ እንድትናገር ዞር ብሎ ያያታል። በውጤት ከአንደኛው ልጅ በታች ያለችው እርሷ ግን ጉድጓዱን በድንጋይ ወይም በእንጨት መደገፍ እንደሚቻል ታውቃለች። ማታ ለቡድኑ ነጥብ ሲሰጥ ይህችን ልጅ ያስታውሳታል።

የስዋርዝሞርን ተማሪ ከውጭ የመጣ ፕሮፌሰር ይፈትነዋል። የጎንደሩን የሚፈትኑት መጸዳጃቸው የተናደባቸው ገበሬ ናቸው።

መቋረጥና መመለስ

ሥርዓቱ ሳይሰበር አልኖረም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲያዘምት ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። መስክ መውጣት የኮሌጁ የራሱ ዘዴ ነበር፤ አሁን ግን የመንግሥት ትእዛዝ ሆነ። ተከትሎ የመጣው የቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ከተማሪም ከመምህርም ቀዳሚዎቹን በላ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሌጁ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ኮሌጅ ሆነ። ሐኪም ማስመረቁ ለጎንደር ትልቅ ነገር ነበር። የጤና መኮንን ሥልጠና ግን ተቋረጠና ከእርሱ ጋር ቡድኑ ተበተነ። ጎበዙን ተማሪ የሚመራው ከአልጋ አልጋ የሚዞር ሐኪም ሆነ፤ የትምህርቱም ሜዳ ከቀበሌው ወደ ዋርድ ገባ።

በዚያን ጊዜ ሐሳቡን በሕይወት ያቆየችው ጅማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም ማኅበረሰቡን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መለያው አድርጎ ያዘ። ጎንደርም የጤና መኮንን ሥልጠናን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ መልሶ ሲከፍት ቡድኑ አብሮ ተመለሰ። የካርተር ማዕከሉ ኢኒሺየቲቭ ጎንደርን ጨምሮ በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያንን ሰብስቦ የማስተማሪያ ሞጁል አስጻፈ። ሞጁሎቹ በአንድ በሽታ ዙሪያ ለመኮንኑም፣ ለነርሷም፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያውም፣ ለአካባቢ ጤናውም የሚሆን ክፍል ነበራቸው። ጎንደርም እ.ኤ.አ. በ2004 ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነች።

ቆላው የሚጠይቀው

ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ የሚያደርሰው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ተነሥቶ ወደ 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚህ ሲሆን ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። ዛሬ አካባቢው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው ሠራተኛ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ነው፤ ደጋ ሳይመለስ ከእርሻ እርሻ እየዞረ የሚከርመው «ሳሉግ» ይባላል።

ሳሉጉ ቋሚ ቀበሌ የለውም። የቡድን ሥልጠናው ቤት ለቤት መጠይቅ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ የሚንኳኳ በር የለማ። ሠራተኛው ሜዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ያድራል፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፣ የምትነክሰውም ማታ ነው። በመተማና በሑመራ ቆላ ካላዛር የወጣት ወንድ ሠራተኞች በሽታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕመሙን መለየት ለጀማሪ ባለሙያ ፈተና ነው። ታማሚው ሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት ይዞት፣ ከስቶ፣ ሆዱ አብጦ ይመጣል። ቆላ ስለሆነ ሁሉም ወባ ነው ይላል። መምህሩ ተማሪውን ከታማሚው ቀኝ ያቆምና እጁን ከሆዱ በታች አስጀምሮ ወደ ግራ ጎድን አጥንቱ እያስዳሰሰ ይወስደዋል፤ የጣፊያው ጠርዝ ጣት ሲነካ ያስቆመውና ከጎድን አጥንቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ያስለካዋል። ቀጥሎ የጣት ደም በአርኬ 39 መመርመሪያ ላይ ይንጠባጠባል። ቀይ መስመር ከወጣ ነገሩ ይጠራል። ካልወጣም ጥርጣሬው አይዘጋም፤ በተለይ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ላይ ምርመራው ሊስት ስለሚችል ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ ናሙና ይወሰዳል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለው የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2003 በካርቱም በተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ትስስር ውስጥ የሙከራ ጣቢያ ሆኖ ሠርቷል። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተካሄደው ጥናት ሁለት መድኃኒት ማጣመር የ30 ቀኑን መርፌ ወደ 17 ቀን እንደሚያሳጥር አሳየ። የቀን ሠራተኛ ለሆነ ሰው 13 ቀን ማትረፍ ማለት ከአጨዳው ግማሽ ላይ መድረስ ነው። ስለ መተማ ወባ፣ ካላዛርና የሠራተኞች ጤና የተጻፉት ጥናቶች ብዙዎቹ የጎንደር መምህራንና የማስተርስ ተማሪዎች ሥራ ናቸው። ረዳት ምሩቅ ሆኖ የቀረው ልጅ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራበት ሜዳ ቆላው ሆነለት ማለት ነው፤ ከዓመት በኋላ ሌሎችን ይዞ የሚወርደውም እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ መተማ በአንድ ጊዜ ከብዙ አገር የተሰደደ ሕዝብ መግቢያ በር ሆነች። በዚያው ዓመት በኩመር የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ገባ። ውኃ፣ መጸዳጃ፣ ክትባት፣ የታማሚ ልየታ፣ ሁሉም በአንድ ቀን የሚያስፈልጉበት እንዲህ ያለ ቦታ ነው እ.ኤ.አ. የ1954ቱ የጎንደር ቡድን የተፈጠረለት።

ቢሮው ሲከፈት

እ.ኤ.አ. በ2017 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ጀመረ። ዕቅዱ 450 ወጣቶችን ማስተማር ሲሆን ትኩረቱ በአካል ጉዳተኞችና ከግጭት አካባቢ በመጡ ልጆች ላይ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው መምህራንም በካናዳ ከፍተኛ ዲግሪ የሚማሩበት ዕድል ተካትቶበታል። በጎንደር ታሪክ ኦነርስ ፕሮግራምን በቅርጹ የሚመስለው ይህ ነው። መልማይ አለው፣ አማካሪ አለው፣ የአመራር ሥልጠና አለው፣ ተማሪው ወደ ማኅበረሰቡ ወጥቶ የሚሠራበትም ጊዜ ተመድቦለታል። መምረጫው ግን ከነጥብ ይሰፋል፤ ልጁ የመጣበትን መንገድ ርቀትም ይቆጥራል። ለዓይነ ስውር ተማሪ ማንበቢያ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄደው መወጣጫ ማዘጋጀት የዚህ ፕሮግራም ሠራተኛ የዕለት ሥራ ነው።

በዚያው ጊዜ የቀሩት መምህራን ጉልበት ወደ ሌላ አቅጣጫ ተሳበ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ 50 ከመቶ ያመጣው ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ሬሜዲያል ከፍተው ያላለፉትን ማብቃት ያዙ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረና የመምህሩ ጭንቀት ክፍሉን ሁሉ በማሳለፍ ላይ ሆነ። ጎበዙ «እርሱስ ራሱን ይችላል» ተብሎ ተተወ። ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትና በመንገድ የሚደርሰው እገታ የጎንደር–መተማን ጉዞ አስፈሪ አደረገው። ተማሪ ይዞ ቆላ መውረድ የአስተባባሪ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሰው ነፍስ የመያዝ ኃላፊነት ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። ጎንደር ነገ የራሷን የማዕረግ ተማሪዎች ፕሮግራም ልትከፍት ብትነሣ መሪውን ከውጭ መፈለግ የለባትም፤ ማደሪያ ቤት ለምኖ ተማሪ ያሳደረው፣ በስብሰባው ቀን ዝም ማለት የቻለው መምህር እጇ ላይ አለ። ዛሬ የዚህ መምህር ዕድገት የሚወሰነው በአብዛኛው በታተመ ጥናት ነው። መስክ ያሳለፋቸው ሳምንታት «የማኅበረሰብ አገልግሎት» ከሚለው ርዕስ ሥር ጥቂት ነጥብ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ብልጡ ረዳት ምሩቅ ከመስክ ይሸሻል፣ የማይሸሸው ደግሞ በማዕረጉ ወደ ኋላ ይቀራል። የመስክ ማስተባበር እንደ ኮርስ በክሬዲት ሰዓት ቢቆጠር፣ አበሉ በጊዜው ቢከፈል፣ አዲሱ ረዳት ምሩቅም ብቻውን ቡድን ከመያዙ በፊት ከነባር አስተባባሪ ጋር አንድ ዙር ቢወጣ፣ የቅኔ ቤቱ ጥንካሬ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይገባል። የኔታ አስነጋሪያቸውን ያምኑት የነበረው ነጋ ጠባ ስለሚሰሙት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግን መርጦ ያስቀረውን ጎበዝ ሲያስተምር ቀርቦ ማየት ገና አልጀመረም።